አንጣላም

ማክሰኞ ጠዋት አክስቴን ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ ተቀበልኩና ባጃጅ ጠራሁ። "እስከ ሐኪም ቤቱ ስንት ነው?" አልኩት ሹፌሩን። "ግቡ ጋሼ፣ አንጣላም" አለኝ።

ይቺ "አንጣላም" የምትባል ቃል ደሜን ታፈላዋለች። ስለ ጠብ ማን አነሳ? እኔ የጠየቅሁት ብሩን ነው። ልጁ ግን ሳንጣላ አስታረቀን። ሳይጣላ የሚታረቅ ሰው ደግሞ ለመጣላት አስቦበታል ማለት ነው። ስንወርድ የጠራውን ዋጋ ስሰማ ባጃጁን የሸጠልኝ ነበር የመሰለኝ።

ለምን ከመግባትህ በፊት አልተከራከርክም ትሉኝ ይሆናል። የደብረ ብርሃንን ጠዋት ስለማታውቁት ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለመከራከር መጀመሪያ ጥርስ መንቀጫቀጩን ማቆም አለበት። ብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው ለጌጥ አይደለም።

ከቃሏ ጋር የቆየ ቂም አለኝ። በ2008 ዓ.ም. ለአንድ አናጢ ቁም ሳጥን አዘዝኩ። የሰፈሬ ሰው ነው፤ በእድርም አንድ ነን። "ስንት ይፈጃል?" ስለው "እኔና አንተ ዋጋ እንነጋገራለን እንዴ? አንጣላም" አለ። ቁም ሳጥኑ መጣ። ዋጋውም አብሮት መጣ። ቁም ሳጥኑ በግድም ቢሆን ገባ፤ ዋጋው ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ይኸው አንነጋገርም። መንገድ ላይ ሳየው ወደ ማዶ እሻገራለሁ። የሚያናድደው ፀሐይ የሚያርፍበት ዳር ሁልጊዜ የእሱ መሆኑ ነው። በዚህ ብርድ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው በጥላ በኩል ስሄድ። ብሬን ወሰደ፣ ፀሐዬንም ጨመረበት።

ወደ አክስቴ ልመለስ።

አክስቴ ደም ብዛት አለባት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ናት። መታወቂያዋን እንደ ዳዊት በጨርቅ ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ ነው የምትይዘው። በየዓመቱ ገብሱ ከተወቃ በኋላ መዋጮዋን ትከፍላለች፤ አንድም ዓመት አላሳለፈችም። የከፈለችውን እስከ ሳንቲሙ ትነግራችኋለች። ስትታመም የምትከፍለው ነገር መኖሩን ግን የነገራት የለም።

ካርድ ክፍል ደረስን። "ልጄ፣ እኔ የምከፍለው አለ?" ብላ ጠየቀች። ልጅቷ ትሁት ናት። "ችግር የለም እማማ፣ ይግቡ" አለቻት። አክስቴ መረቀቻት። የእኔ ጆሮ ግን ቆመ። ይቺ እኮ ያቺው "አንጣላም" ናት! ነጭ ጋዋን ለብሳ ነው እንጂ።

ምርመራው ሲያልቅ ሒሳብ ክፍል "ሪፈር የታለ?" አሉን። ሪፈር ማለት ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል የሚልክበት ወረቀት ነው። የለም። አክስቴ መንዝ ካለው ጤና ጣቢያዋ ሳታጽፍ፣ እግረ መንገዷን እኔን ልትጠይቅ ነው የመጣችው። ሪፈር ሳያጽፍ ወደ ላይ የወጣ አባል ደግሞ የሕክምናውን ግማሽ ከኪሱ ይከፍላል። ደንቡ እንደዚያ ነው። ክፉ ደንብም አይደለም። ጉንፋን የያዘው ሁሉ ትልቁ ሆስፒታል ቢሰለፍ ማን ይችለዋል? ግን ይሄን የሰማነው ደሟ ከተቀዳ በኋላ ነው።

"ግማሹን ይከፍላሉ እማማ" አላት ልጁ።

"የምኑን ግማሽ?" አለች።

ምን አጠፋች? ሙሉው ስንት እንደሆነ የነገራት አለ? ግድግዳው ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል። ካርድ ለማውጣት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይናገራል። ስንት ብር እንደሚፈጅ አይናገርም። ያልታወቀ ነገር ግማሹ ስንት ነው? የሒሳብ አስተማሪዬ ይሄን ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ይል ነበር አባቴ። ይቺን ተረት እወዳታለሁ። አባቴ ለሁሉም ነገር ነበር የሚያወጣት፤ ለድንበር ክርክርም፣ ወጥ ውስጥ ላልተገኘ የዶሮ ፈረሰኛም። ችግሩ እኛ ሸዋዎች ሥሩን ስንቆፍር ነገሩን ረስተነው እናርፋለን። አንድ ሰው የጠፋ በግ ሊጠይቅህ መጥቶ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ካዩት ብርሃን ይጀምርልሃል። ከተማዋ ስትቆረቆር፣ ስሟ ሲወጣ፣ አያቱ ሲወለዱ ሰምተህ በጉ ጋ ስትደርስ መሽቷል።

የመድኅኑም ስብሰባ እንደዚያው ነው። አንድ ጊዜ ቀበሌ ጠሩን። አንድ ጎረቤቴ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ እጃቸውን አውጥተው "መነጽር ይሸፍናል ወይ?" አሉ። ሰብሳቢው ከሥሩ ጀመረ። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ከአማራ ክልል ተሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩ። የእኛ ዞን አልነበረበትም። ስለ መተጋገዝ ተናገረ። ጤነኛው ለታማሚው እንደሚያዋጣ ተናገረ። አጨበጨብን። ሽማግሌው መነጽር እንደማይሸፈን ያወቁት ከወራት በኋላ መስኮት ላይ ነው። ያውም የተሰጣቸውን ወረቀት ማንበብ ስላልቻሉ ሌላ ሰው ነው ያነበበላቸው።

እድርን እዩት እስኪ። ማንም "አንጣላም" አይልም። የእድራችን ጸሐፊ መተዳደሪያውን ሲያነብ ለአባል ስንት፣ ለልጅ ስንት፣ ለአማት ስንት ብሎ ይዘረዝራል። ድንኳኑ ስንት ቀን እንደሚቆም ይታወቃል። አግዳሚው ይቆጠራል። ስሞት ለቤተሰቤ ስንት እንደሚሰጥ ዛሬ ጠይቁኝ፣ ሳልንተባተብ እነግራችኋለሁ። ስታመም ስንት እንደምከፍል ብትጠይቁኝ ግን ችግር የለም፣ ይግቡ።

የአክስቴ አገር ሰዎችማ ከዚህም ይብሳሉ። መንዝ ጓሳ ላይ ሣሩን ቄሮ በሚሉት የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቁ ኖረዋል፤ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ። ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይ ነበር። ሲከፈት ሁሉም ይሰማ ነበር። ሳይከፈት ያጨደ ምን እንደሚጠብቀው ያውቅ ነበር። እንግዲህ ለሣር ነበር ይሄ ሁሉ።

ከግማሹ በኋላ መድኃኒት ቤቱ ቀረ። ልጁ የሐኪሙን ወረቀት አየና መለሰልን። "የለም፣ ከውጭ ግዙ" አለ።

አክስቴ ክው አለች። "ከውጭ? እኔ ውጭ ማን አለኝ ልጄ?" አለችኝ። የጎረቤቷ ልጅ ዱባይ ናት። እሷን በስልክ ልታስጠይቅ ስታስብ እኔ በአጥሩ በኩል አሳየኋት። ውጭ ማለት ከበሩ ማዶ ነው። ሳቅን። እዚያ ሄደን ዋጋው ሲነገረን ግን ዱባይም ይረክስ ነበር አልኩ በልቤ።

አክስቴን ውጭ መድኃኒት ቤቱ ትቼ ወደ ሐኪም ቤቱ ተመለስኩ፤ ደረሰኝ ብናመጣ ገንዘቡ ለአክስቴ ይመለስላት እንደሆነ ልጠይቅ። አንደኛው "ወረዳዋ ታስገባ፣ ይመለሳል" አለ። ሁለተኛዋ "አይመለስም" አለች። ሦስተኛው ሻይ እየጠጣ "እነሱ ናቸው የሚያውቁት" ብሎ ወደ ሁለቱ ጠቆመኝ። ሦስቱም አልተሳሳቱም ይሆናል። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አላፈርኩም።

እኔ ስጨቃጨቅ አክስቴ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ምን እንደሠራች ኋላ ነው የሰማሁት። ብሩን እኔ እንደምሰጣት ብነግራትም አልሰማችም። መቀነቷን ፈትታ ቆጠረች። የመሳፈሪያዋን ለየች። ለአንድ ወር ከታዘዘላት ክኒን ግማሹን መልሳ፣ "የአሥራ አምስት ቀኑ ይበቃኛል፣ ዛሬ ሁሉም ነገር ግማሽ ነው" አለችው ልጁን። ደም ብዛት ግን ግማሽ ወር አያምም። የቀረውን ክኒን ስገዛላት ተቆጣችኝ። ቀድማ ብታውቅ ኖሮ ሪፈሯን አጽፋ፣ አንድ በግ ሸጣ ትመጣ ነበር። መንዝ በግ ጠፍቶ አይደለም።

ወደ መናኸሪያ ስንመለስ ባጃጅ ቆመልን። አፌን ሳልከፍት አክስቴ ቀደመችኝ።

"ስንት ነው ልጄ?"

"ግቡ እማማ፣ አንጣላም።"

"ኧረ አሁኑኑ እንጣላ" አለችው። "ስንት ነው?"

ነገራት። ተጣላን። በእግር ሄድን። አናጢው ከሱቁ ደጃፍ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። አክስቴን ይዤ ወደ ማዶ ተሻገርኩ። "ለምን በብርዱ በኩል?" አለችኝ። ከሥሩ ጀመርኩላት። ቁም ሳጥኑ ጋ ሳልደርስ መኪናዋ ተነሳ።