ጣቱን ዳስሱት

ስለ ሰው አጥንት ያነበብነው ጽሑፍ «ሲወለድ ወደ 300 የሚጠጋው አጥንት ሲያድግ 206 ይሆናል» ሲል ታናሼ «ቀሪው የት ገባ?» አለኝ። የትም አልገባም፣ እየተጋጠመ አንድ ሆነ እንጂ።

እኔ የምጨምረው ስለ ስብራት ነው። አምና ሐይቅ ዳር የአክስቴ ልጅ፣ ገና የ9 ዓመት ነው፣ ዋንዛ ሊለቅም ወጥቶ ወደቀና ክንዱ ተሰበረ። ወጌሻው በቀርከሃ ጥፍር አድርጎ አሰረው። ማታ ጣቶቹን ብዳስስ አብጠው ቀዝቅዘዋል! በሌሊት ደሴ ወሰድነው፤ ሐኪሙ ከሁሉ በፊት ማሰሪያውን ፈታ። የተሰበረ ቦታ ማበጡ አይቀርም፣ ማሰሪያው ቦታ ካልሰጠው ደም መዘዋወሩን ያቆማል። (ወጌሻን መናቄ አይደለም፤ ውልቃት ሲመልስ እጁ ወርቅ ነው።)

ስብራቱ ላይ መጀመሪያ ደም ይረጋል፤ ከዚያ እንደ ጆሯችን ልል የሆነ ነገር ሁለቱን ጫፍ ያገናኛል፤ ካልሲየም ሲገባበት ይጠጥራል። ከ6 ሳምንት በኋላ ራጁ ላይ ጉብታ ስናይ አክስቴ «ጠማማ ቀረብኝ» ብላ አለቀሰች። ሐኪሙ «አብሽሪ፣ ትርፉን የሚበላ ሕዋስ አለ» አላት። አሁን የትኛው ክንዱ እንደነበር ልጁ ራሱ ይሳሳታል።