ማስተካከያ፦ ፒያሳን ጣሊያን አልቆረቆረውም

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ፈረሳ ሲጀመር «ጣሊያን የሠራው ሰፈር ፈረሰ» የሚል ወሬ ተናፈሰ። ይሄ ይታረም። ሰፈሩ ከ1928ቱ ወረራ በፊትም ነበረ። ያኔ አራዳ ነው የሚባለው። የከተማው ትልቁ ገበያም ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። ጣሊያኖችማ ገበያውን ነቅለው ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ወሰዱት። ማፈናቀል ለአራዳ አዲስ አይደለም ማለት ነው።

እርግጥ የጣሊያን እጅ ያረፈባቸው ሕንፃዎች አሉ። ጣይቱ ሆቴል ግን ከእነሱ አይደለም፤ የተከፈተው በምኒልክ ዘመን ነው።

የጣይቱን ቃጠሎ ከፈረሳው ጋር የሚያያይዙም አሉ። አይገናኙም። እሳቱ የተነሳው ጥር 2007 ነው። ጃዛምባ የሙዚቃ ቤትም ያኔ አብሮ ነደደ፤ ያሳዝናል። ሆቴሉ ግን ከእሳቱ በኋላ ሥራውን ቀጥሏል።