ድሬዎች፣ «ስንት ዓመት?» ብላችሁ ጠይቁ

የድሬ ሰው አንቱታና መሸፋፈን አይወድም። ስለዚህ በቀጥታ ልናገር። ወገኖቼ፣ እቃ አገዛዛችን ተበላሽቷል።

እዚሁ ከተማችን ያለው ታይዋን ገበያ እንገባለን። ከአፋችን የሚወጣው «ስንት ነው?» ነው። ከዚያ «ቀንስ» እንላለን። ከዚያ ከፍለን እንወጣለን። ስንት ዓመት ያገለግላል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሲበላሽ ማን ይሠራዋል፣ መለዋወጫው ይገኛል ወይ የሚልም የለም። የንግድ ከተማ ልጆች ነን እኮ! ጨርቁን በጣቱ ዳሶ፣ ሳህኑን በጥፍሩ መትቶ ድምፁን ሰምቶ የሚገዛ ሰው ያሳደገን ነን። ምን ነካን?

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ቬንትሌተር ገዛሁ። የመጀመሪያው ግንቦት ላይ ተገዝቶ መስከረም ሳይጠባ ቆመ። ሁለተኛው ዓመት አልደፈነም። ሦስተኛውን ተሸክሜ ገንደ ቆሬ ሞተር የሚጠቀልል ሰው ጋ ሄድኩ። ክዳኑን ፈታ። ከተቃጠለው ጥቅል አንድ ሽቦ መዘዘና በምላጭ ፋቅ ፋቅ አደረገው። የመዳብ መልክ ያለው ቀለም ተላጠ። ከሥሩ ነጭ ሆነ። «አሉሚኒየም ነው አቦ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽቦዎቹ እኩል ውፍረት ካላቸው፣ አሉሚኒየም ከመዳብ 1.6 እጥፍ ያህል የኤሌክትሪክን ፍሰት ያደናቅፋል። ስለዚህ የበለጠ ይግላል። ጉድለቱን ለማካካስ ሽቦውን ማወፈር ይቻላል፤ ርካሽ የሚሠራው ሰው ግን አያወፍርም። ዘንጉም የሚዞረው በኩሽኔታ ሳይሆን በተራ ቡሽ፣ ዘንጉን በሚይዝ ትንሽ ቀለበት ነው። ዘይቱ ሲደርቅ ዘንጉ ይይዛል፣ ጥቅሉ ይቃጠላል። ደጋ አገር ማታ ማታ ለሁለት ሰዓት ብቻ የሚበራ ቢሆን ምናልባት ይከርም ይሆናል። ድሬ ላይ በግንቦት ወበቅ ከቀትር እስከ ንጋት የምናስኬደው እኛ ነን።

እናቴ ቤት ያለው የብረት ቬንትሌተር ከእኔ ጋር እኩያ ነው። ሁለቴ ተጠቅልሏል። ቡሹ ተቀይሯል። ክንፉ ተጣሞ በመዶሻ ተቃንቷል። ዛሬም ልጆቼ ከፊቱ ይተኛሉ። ጥንካሬ ማለት አለመበላሸት ብቻ አይደለም። ተፈቶ መሠራት መቻልም ነው። በማጣበቂያ የታሸገ፣ ቡሎን የሌለው እቃ ሲቀርብላችሁ ከወዲሁ ጠርጥሩ።

እስቲ አብረን እንቁጠር። እንበል አንዱ ቬንትሌተር 3,000 ብር ነው፣ አንድ ዓመት ይቆያል። ሌላው 8,000 ብር ነው፣ አሥር ዓመት ይቆያል። የመጀመሪያው በዓመት 3,000 ብር ወሰደ፣ ሁለተኛው 800። ርካሹ የቱ ነው?

«8,000 ብር በአንዴ ከየት ላምጣ?» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ አውቃለሁ። መናኛ እቃ ደጋግሞ የሚዘርፈውም ድሃውን ነው። ይህን ስጽፍ የሚቆጨኝም እሱ ነው። ግን ለሠርግ፣ ለበዓል ዕቁብ እንጥላለን አይደል? ለፍሪጅስ ለምን አንጥልም? ሁለት ወር መታገሥ ካልተቻለም ያገለገለ ጥሩ እቃ ግዙ። ከአዲስ መናኛ ያገለገለ ጠንካራ ይሻላል፤ በተለይ ፍሪጅ። ፍሪጅ ከገዛችሁ ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ የሚለቅ መከላከያ ግዙለት። ኮምፕሬሰሩን የሚገድለው ወዲያው መነሳቱና የኃይሉ ከፍ ዝቅ ማለት ነው። በዚያ ላይ ቆጥቦ ፍሪጅ ማቃጠል የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው።

ሁሉን ነገር ውድ ግዙ አላልኩም። እግሩ በየወሩ ለሚያድግ ልጅ ጫማ ዕድሜ ልክ እንዲቆይ አይፈለግም። ውድ የሆነ ሁሉ ጠንካራ ነው ማለትም አይደለም። ሶፋ ስትገዙ ገልብጡት። ከላይ ያ ሁሉ ወርቃማ ጌጥ፣ ከሥሩ በስቴፕል የተያያዘ ቺፑድ ታገኛላችሁ።

ወደ መኪና ልምጣ። ሐረር ፈረስ መጋላ ላይ ይቆሙ የነበሩትን የፔጆ 404 ታክሲዎች የማያውቅ በእኛ አካባቢ የለም። መኪናው መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ውድድር አራት ጊዜ አሸንፏል። ቤንዚን ይበላል፣ አርጅቷል፣ አብዛኛውን ሥራ ባጃጅ ወስዶበታል። ይህን አልክድም። ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የሐረርን ዳገት የወጣው ብረቱ ወፍራም ስለነበር ብቻ አይደለም። አሠራሩ ቀላል ነበር። እያንዳንዱን ቡሎን በጨለማ የሚያውቅ መካኒክም ነበረው። መኪና ስትገዙ ቀለሙንና ስክሪኑን ትታችሁ መጀመሪያ የምታምኑትን መካኒክ ጠይቁ። «ይህን ታውቀዋለህ? እቃው ይገኛል?» በሉት።

የባጃጅና የሚኒባስ ባለቤቶች፣ ለእናንተ ቃሌ ይከብዳል። ቬንትሌተር ላይ ብንሳሳት ላብ ነው። የፍሬን ሸራ ላይ መሳሳት ግን ሌላ ነገር ነው። ደንገጎን የምትወርዱ ሰዎች ሁለተኛውን፣ ኮፒውን ሸራ ለጥቂት መቶ ብር ልዩነት እንዴት ትገዛላችሁ? ያን ቁልቁለት ታውቁታላችሁ። ጠመዝማዛ ነው፣ ይረዝማል፣ ፍሬን ይግላል። የጋለ መናኛ ሸራ እምቢ ይላል። ከኋላ የተቀመጡት የእናንተን ሂሳብ አያውቁም፤ አምነዋችሁ ነው የተሳፈሩት። ተዉ!

ጎማም እንዲሁ ነው። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ። 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጎማ መደብር ውስጥ ተቀምጦም ያረጃል፤ ሙቀት ደግሞ ያፈጥነዋል። «አዲስ ነው፣ ያልተነካ» ሲሏችሁ ቁጥሩን እዩ።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ብዙዎቻችን ወደ ኤሌክትሪክ እያየን ነው። ጥሩ ነው። ግን የመኪናው ግማሽ ነፍስ ባትሪው ነው፤ ባትሪ ደግሞ ሙቀት ያስረጀዋል። የሚቀዘቅዘው በፈሳሽ ነው ወይስ በአየር ብቻ? ለድሬ ሰው ይህ ጥያቄ ከመቀመጫው ቆዳ ይቀድማል።

ያቺን በምላጭ የተፋቀች ሽቦ ኪሴ ይዣት እዞራለሁ። ባለፈው ቬንትሌተር ልትገዛ የተነሳችውን እህቴን አሳየኋት። አገላብጣ አየቻትና «እሺ፣ ሱቅ ውስጥ ሞተሩን አልፈታ፣ በምን አውቃለሁ?» አለችኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መዳብ ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ይከብዳል። መጠናቸው እኩል የሆነ ሁለት ቬንትሌተር በሁለት እጅሽ አንሺ፣ የከበደውን ያዢ፣ ከዚያ ዋስትናውን ጠይቂ አልኳት።

ቅዳሜ አብረን ወረድን። ሦስት ሱቅ አነሳን፣ አስቀመጥን፣ ወጣን። አንዱ ባለ ሱቅ «ዕቃ ትመዝናላችሁ ወይስ ትገዛላችሁ?» ብሎ ተቆጣ። አራተኛው ሱቅ ያለው ልጅ ግን ምን እንደምንፈልግ ገባው። ጠመንጃ መፍቻ አምጥቶ ክዳኑን ፈታና ሽቦውን አሳየን። ከሌሎቹ በዋጋ ይበልጣል። እህቴ ከእሱ ገዛች።