የምድር ቤቱ ሰውዬና ጣራው

ነገሩ የተነሳው አዲስ አበባ፣ አንድ ባለአራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ፣ ለጣራ ጥገና መዋጮ ሲጠየቅ ነው። ምድር ቤት ሱቅ ያለው ሰውዬ፣ «እኔ ደረጃ አልወጣ፤ ጣራው የሚያፈስበት ያዋጣ። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል፤ እኔ ደግሞ ሞኝ አይደለሁም» አለ።

የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ሒሳብ ያዥ የሆኑት ሴትዮ ስለ ኮንዶሚኒየም የወጣውን አዋጅ ቁጥር 370/1995ን እንደ ጸሎት በቃላቸው ነው የሚወጡት። «ስማ ወንድሜ፣ ጣራውም፣ ደረጃውም፣ የፍሳሽ መስመሩም የጋራ ነው። ማኅበሩ እንደ እድር ሲከፋህ የምትወጣበት አይደለም፤ ቤቱ ያንተ እስከሆነ አባል ነህ።»

«እና እኔን ምን ይጠቅመኛል፣ እትዬ?»

«ባለፈው ቱቦው ሲደፈን በሌሊት በሬን የደበደበው ማን ነበር?»

ዝም። ምን ይበል! ዋናው ቱቦ ከታች ማንሆሉ ጋ በጨርቅና በዳይፐር ሲዘጋ፣ የላዮቹ ሳያውቁ ውሃ ይለቃሉ፤ መውጫ ያጣው ፍሳሽ የሚገነፍለው በምድር ቤቱ ሽንት ቤት ነው። ያን ሌሊት ቱቦው «የሁላችንም» ነበር።

ጣራውም ቢሆን ከላይ አይቀርም። ዲሽ የሚተክሉት ልጆች ቆርቆሮውን በስተው ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ይወርዳሉ። አሸንዳው በቅጠል ይሞላል፤ ውሃው ኮርኒሱን አርሶ፣ የመብራት ገመድ በተቀበረበት ቱቦ ቁልቁል ይወርዳል፣ ቆጣሪዎቹ ወደተደረደሩበት ወደ ምድር ቤት። ግንቦት ላይ አሸንዳ ጠርጎ፣ ጎማ ያለው ሚስማርና ሲሊኮን ገዝቶ መገላገል ሲቻል፣ ነሐሴ ላይ ኮርኒስና ገመድ መቀየር ይመጣል።

«ኮሚቴው ይበላዋላ!» አለ ደግሞ። «ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል!»

የሚበላ ኮሚቴ የለም አይባልም። ግን መድኃኒቱ ኩርፊያ አይደለም፦ በማኅበሩ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ፣ ከአንድ በላይ ፈራሚ፣ ለእያንዳንዷ ወጪ ደረሰኝ፣ በጉባኤ የተመረጠ ኦዲተር። ጉባኤ ሲጠራ ግን የሰውዬው ሱቅ ገበያ ይደራለታል። ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ ሲቀር ደግሞ «ያለእኛ ወሰኑ» ባዩ እሱ ነው።

ለመሆኑ የሞኙ ደጅ የትኛው ነው? ሱቁን በሸራ ገፍቶ ፍሪጁን ያቆመበት የጋራ ግቢ ነዋ! ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ያለው እሱ፣ ቆራጩም እሱ።

እሱ ብቻ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነበር። ቤቱን ያከራየው ኪራይ ሲገባ ባለቤት ነው፤ መዋጮ ሲባል «ተከራዩን ጠይቁ» ይላል። የእድር ቅጣት ፈርቶ ከሥራ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ለራሱ ጣራ ግማሽ ሰዓት ያጣል። ሳሎኑን በጂፕሰምና በሴራሚክ አሳምሮ፣ ደጁ ላይ የተቃጠለችውን አምፖል ኮሚቴው እስኪቀይራት በስልኩ መብራት ደረጃ ይወጣል፤ ኮሚቴው ደግሞ የእሱን መዋጮ ይጠብቃል።