ይሰራል እኮ!

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው ሲፈተሽ ነው። ባንክ ሲገባ እጁን ወደ ላይ ያነሳል። የገበያ ማዕከል ሲገባ ቦርሳውን ይከፍታል። አንዳንድ ካፌ ማኪያቶ ሳይቀመስ ኪስ ይዳበሳል። ሰው ሁሉ በተጠረጠረበት በዚህ ከተማ፣ ማንንም ሳይጠይቅ የሚያስገባ አንድ በር ግን አለ። ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የሚጽፉ ፕሮግራመሮቻችን በር ነው። ዛሬ ምስጋናዬን ላቀርብ ተነስቻለሁ።

ጥበቡን ያየሁት ከብሎካችን ምድር ቤት ባለው ኮፒ ቤት ነው። ዊንዶውስ ከብዶት ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር አላቸው። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማረው የጎረቤቴ ልጅ በሲ ፕሮግራም ጻፈላቸው። ደንበኛ ፋይሉን በፍላሽ ያመጣል፣ ኮፒ ቤቱ ውስጥ የምትሰራው ልጅ የፋይሉን ስም ከፕሮግራሙ ስም ቀጥላ ትጽፋለች፣ ፕሮግራሙ ሂሳቡን መዝግቦ ኤልፒ በሚባለው ትእዛዝ ወደ ፕሪንተር ይልካል።

ውስጡን አሳየኝ። የተጻፈው ስም አርግቪ የሚባል አሬይ (የተደረደረ ዝርዝር) ውስጥ ይገባል። ልጁ ከዚያ ያነሳዋል፣ ጽሑፍ በሚያገጣጥመው ኤስፕሪንትኤፍ ከኤልፒ ጋር ይሰፋዋል፣ ትእዛዝ ለሚያስፈጽመው ሲስተም ያቀብለዋል። በቃ። ማን ነህ፣ ከየት መጣህ፣ ምን ይዘሃል የሚል ጥያቄ የለም። እንግዳ ተቀባይነታችን ወደ ኮድ ሲገለበጥ እንዲህ ነው።

«ስሙን አታጣራም እንዴ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ይሰራል እኮ!»

አፌን ያዝኩ። ለሚሰራ ነገር ምን ይባላል?

አንዳንዱ የዋህ ሲስተም ትእዛዙን ራሱ የሚፈጽም ይመስለዋል። አይደለም። ሲስተም ሼል የሚባለውን ትእዛዝ አንባቢ ፕሮግራም ይጠራል። ሼል ደግሞ ደላላ ነው። በኛ ሰፈር ቤት ተከራይቶ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። አንተ የፈለግከውን ትናገራለህ፣ ደላላው የፈለገውን ይሰማል። ክፍት ቦታ ሲያይ «ስሙ አለቀ» ይላል። ሰሚኮለን ሲያይ «ይህ ጉዳይ አለቀ፣ ቀጣዩን አምጣ» ይላል። የዶላር ምልክት ሲያይ፣ ያው ደላላ አይደል፣ ይነቃል።

እስቲ ሀገሬው ፋይሉን ምን ብሎ እንደሚሰይም አስቡ። «የቤት ኪራይ ውል የመጨረሻ (2)»። «(2)» ባይኖር ደላላው አራት ፋይል ነው ብሎ አራቱንም ይፈልግ ነበር፣ አንዱንም አያገኝም። ቅንፍ ስላለበት ግን ፍለጋውንም አይጀምር። ሰዋስው ተበላሸ ብሎ ጥሎ ይሄዳል።

ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ስሙን በጥቅስ ውስጥ ታደርገዋለች። ግን እሷ የምትጽፍበት መስኮትም ሼል ነው፣ ማለትም የመጀመሪያው ደላላ። እሱ ስሙን ሳይቆራርጥ ለፕሮግራሙ ያቀብላል፤ ጥቅሱን ግን ለኮሚሽን ያስቀራል። አርግቪ ውስጥ የሚደርሰው ራቁቱን ነው። ሲስተም ያንን ራቁት ስም ለሁለተኛ ደላላ ይሰጠዋል። ሁለት ደላላ ያለበት ውል እንዴት እንደሚያልቅ ለቱሉ ዲምቱ ሰው አላስረዳም።

ልጁ መላ አላጣም። ኮዱ ውስጥ ራሱ ነጠላ ጥቅስ ጨመረ። ለሁለት ቀን ሰፈሩ ሰላም ሆነ። በሦስተኛው ቀን የፋይል ስሙም በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ደብዳቤ መጣ። «ስለ» ለማለት «ዋኤ» ይባላል፣ በቁቤ ሲጻፍ መሃሉ ላይ ሁድሃ የምትባል ምልክት (') አለች። ሁድሃ ለሼል ነጠላ ጥቅስ ናት። የልጁን ጥቅስ መሃል ላይ ዘጋችው፣ መጨረሻ ላይ ያለው ጥቅስ መዝጊያ አጥቶ ቀረ። በዚህ ሰፈር ስንት ደብዳቤ በ«ዋኤ» እንደሚጀምር ታውቃላችሁ። ልጁ ጥቅሱን መልሶ አነሳው። ይሰራ ነበር እኮ!

(በነገራችን ላይ የኛን ድርብ ሰረዝ ሼል አያውቃትም። «፤» ብትጽፉለት እንደማንኛውም ፊደል ያልፋታል። አባቶቻችን ለሳይበር ደህንነት አስበው መሆን አለበት።)

ስለ ቦታውም ላመስግን። ትእዛዙ የሚሰፋበት ሳጥን 100 ባይት ነው። «ከ100 በላይ ማን ይጽፋል?» አለኝ። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ሳጥኑን ብቻውን ቢይዘው እንኳ ከ33 ፊደል አያልፍም። ኤስፕሪንትኤፍ ግን «ሞልቷል» የሚል ቃል አፉ ላይ የለም። እንደ ማታ ታክሲ ረዳት «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ይጭናል፣ የተረፈውን የጎረቤት ሜሞሪ ላይ ያስቀምጠዋል። ልኩን የሚያውቀው ኤስኤንፕሪንትኤፍ እ.ኤ.አ. በ1999 የሲ ደረጃ ውስጥ ገብቷል። እኛ ግን አዲስ ነገር ላይ አንቸኩልም።

የዋህነቱ የኛ ብቻ ነው ብዬም አልኮራም። ሊኑክስ ላይ ፒኬኤግዜክ የሚባል ፕሮግራም ቢያንስ አንድ አርግዩመንት (ከጥሪው ጋር የሚላክ ቃል) መምጣቱ አይቀርም ብሎ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሲያምን ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ላይ፣ አርግሲን (የአርግዩመንቶቹን ቁጥር) ዜሮ አድርጎ የጠራው ሰው የማሽኑን ሙሉ ስልጣን ሊወስድ እንደሚችል ይፋ ወጣ። ፈረንጅም እንግዳ ይወዳል።

ክፉ ሰዎች «ያለ ደላላ» የሚል መንገድ አለ ይላሉ። ፎርክ አድርግ (የፕሮግራሙን ቅጂ ፍጠር)፣ ከዚያ ሌላ ፕሮግራም በቀጥታ የሚያስነሳውን ኤግዜክቪፒን ጥራ፣ እያንዳንዱን አርግዩመንት በአሬይ ለየብቻ ስጠው። ቅንፍ ይኑረው፣ ሁድሃ ይኑረው፣ ስም እንደ ስም ብቻ ይደርሳል፣ መሃል ገብቶ የሚተረጉም የለም። በጭረት (-) የሚጀምር ስም ብቻ ኤልፒን እንዳያደናግረው ሁለት ጭረት (--) አስቀድምለት። ይኸው ነው ይላሉ። ቆጠርኩት፣ ወደ አስር መስመር ይመጣል። ሲስተም አንድ መስመር ነው። ለመሆኑ ከደላላ ጋር ተጣልቶ ዳር ከተማ የኖረ ሰው አለ?

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀልደኛ ተማሪ ፍላሽ ይዞ መጣ። ፋይሉ «ውል» ይላል፣ ከዚያ ሰሚኮለን፣ ከዚያ ፓወርኦፍ (ማሽኑን አጥፋ)፣ ከዚያ ደግሞ ሰሚኮለን። ልጅቷ እንደተለመደው በጥቅስ ጻፈችው። ደላላው «ውል» የሚባል ፋይል ፈልጎ አጣ። ቀጣዩን ጉዳይ ግን በታማኝነት ፈጸመ። ስክሪኑ ጨለመ።

«መብራት ሄደ» አለች ልጅቷ፣ ሻማ ፍለጋ መሳቢያ እየከፈተች።

ተሰልፈን የነበርን ሁሉ ተቀበልናት። እኔም ተቀበልኩ። አንዷ ሴትዮ እንደውም «ትናንትም በዚህ ሰዓት ነው» አለች። አምፖሉ ከራሳችን በላይ ቦግ ብሎ በርቷል። ቀና ያለ አልነበረም።

ትናንት ሳልፍ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። «ክፍት ቦታ፣ ቅንፍ፣ ጥቅስ እና ሰሚኮለን ያለበት ፋይል አናትምም» ይላል። በእጅ፣ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ ነው። ለምን በፕሪንተር እንዳላወጣው ልጁን ጠየቅኩት።

«ሞክሬ ነበር ጋሼ» አለኝ። «ፋይሉን "ማስታወቂያ (2)" ብዬው ነው።»