«አውርድልኝ»

አገር ቤት ካሉ ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች ወደ ውጭ በቴሌግራም ከሚላኩ መልእክቶች አንዱ «ይህችን ጥናት አውርድልኝ» የሚል ነው። ውጭ ለሚኖር ሁሉ በሩ ክፍት ይመስላቸዋል። አይደለም። አሜሪካ ያለ ሀበሻ ነርስ፣ ዩኒቨርሲቲ ካልተመዘገበ ወይም መሥሪያ ቤቱ ካልከፈለለት፣ ለአንዲት ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ከ30 ዶላር በላይ ይጠየቃል። ሲመረቅ ደግሞ የተማሪነቱ አካውንት ይዘጋል፤ ቤተ መጻሕፍቱም አብሮ ይዘጋበታል።

አገር ቤት ግን ሒናሪ የሚባል የሕክምና መጽሔቶች ማስነበቢያ አገልግሎት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ክፍያ ከማይጠየቁት አገሮች ውስጥ ናት። የሚመዘገበው ተቋም እንጂ ግለሰብ አይደለም፤ ስለዚህ የይለፍ ቃሉን ከሆስፒታሉ ወይም ከኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ መጠየቅ ነው። የሚያሳዝነው፣ ተቋሙ ተመዝግቦ ሳለ ይህን ሳያውቁ የሚመረቁ መኖራቸው ነው። ቃሉን ያገኘም ጽሑፉን በጎግል ፈልጎ በቀጥታ የመጽሔቱን ገጽ ሲከፍት «ክፈል» ይባላል። መጀመሪያ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ፖርታል መግባት፣ ከዚያ ውስጥ መጽሔቱን መክፈት አለበት።

የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግመው ኮክሬን ላይብረሪ ደግሞ ከኢትዮጵያ ሲከፈት የይለፍ ቃል እንኳ አይጠይቅም። አገሩን የሚለየው በኢንተርኔት አድራሻው ነውና ቪፒኤን ከተከፈተ አንባቢው ሌላ አገር ያለ ይመስለዋል፤ ይዘጋበታል። ቪፒኤኑን አጥፍቶ ገጹን እንደገና መክፈት ነው።

አገር ቤትም ውጭም ላለው እኩል የሚሠራው የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያው ፐብሜድ ነው። ርእሱን አስገብቶ በግራ በኩል «ፍሪ ፉል ቴክስት» (ሙሉው በነጻ) የሚለውን ማጣሪያ መምረጥ። በአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋም (ኤንአይኤች) ገንዘብ የተሠራ ጥናት ከጁላይ 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለኅትመት ተቀባይነት ካገኘ፣ እንደ ድሮው እስከ 12 ወር ሳይዘገይ እንደታተመ ሙሉ ጽሑፎች በነጻ በሚቀመጡበት በፐብሜድ ሴንትራል መነበብ አለበት። የጅማ ዩኒቨርሲቲው የጤና ሳይንስ መጽሔትም እዚያው በነጻ ይገኛል። ማጣሪያው ግን በየዩኒቨርሲቲው ማኅደር የተቀመጡ ቅጂዎችን ሁሉ አያሳይም፤ እነሱን ለማግኘት በ10 የሚጀምረውን የጽሑፉን መለያ (ዲኦአይ) ቁጥር ይዞ ነጻ ቅጂ በሚፈልገው ዩንፔይዎል ድረ ገጽ ላይ መፈለግ ይሻላል። ካልተገኘ ለደራሲው ኢሜይል መጻፍ ነውር የለውም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። «ኦተር ማኑስክሪፕት» (የደራሲው ረቂቅ) የሚል ቅጂ በባለሙያ ተገምግሟል፤ የመጽሔቱ የመጨረሻ እርማት ግን ላይኖረው ስለሚችል የመድኃኒት መጠን ከዚያ ብቻ አይወሰድም። በቴሌግራም ሲዞር የቆየ ፒዲኤፍም ጥናቱ ኋላ ተሰርዞ እንደሆነ አይናገርም። የፐብሜዱ ገጽ ግን የስረዛ ማስታወቂያውን ከርእሱ ጋር ያሳያል።