ስምና ግስ የማይለይ ቋንቋ አለ?

ትምህርት ቤት ስንማር ነገሩ ቀላል ነበር። ስም የሰው፣ የቦታ ወይም የነገር መጠሪያ ነው፤ ግስ ደግሞ ድርጊትን ይናገራል። ታዲያ «ሩጫ»ን ምን እንበለው? ድርጊት ነው፤ ግን ስም ነው። «ገንዘብ አለኝ» ስንል «አለኝ» ውስጥ ምንም ድርጊት የለም፤ ግን ግስ ነው። በገዛ ቋንቋችን የማይሠራ መለኪያ ይዘን «ቋንቋ ሁሉ ስምና ግስ አለው ወይ?» ብንል የትም አንደርስም።

ጥያቄው ግን ከባድ ነው። በካናዳ፣ በቫንኩቨር ደሴት የሚነገር ኑቻኑልዝ የተባለ ቋንቋ አለ። የቋንቋ ተመራማሪው ሞሪስ ስዋዴሽ እ.ኤ.አ. በ1939 ስለዚህ ቋንቋ ሲጽፍ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንዱ «ሰውየው እየሠራ ነው» ይላል። በሌላው ሁለቱ ቃላት ቦታና ቅጥያ ይለዋወጣሉ። ግሱ ላይ የነበረው ቅጥያ «ሰው» ላይ ይገባል። «ሰውየው» ላይ እንዳለው «ው» ዓይነት ቅጥያ ደግሞ «መሥራት» ላይ ይለጠፋል። ትርጉሙም «እየሠራ ያለው፣ ሰው ነው» ይሆናል። ይህን ያየ ሰው እዚህ ቋንቋ ውስጥ ስምና ግስ አንድ ናቸው ቢል አይፈረድበትም።

እኔ ግን አልስማማም። ሌላው የቋንቋ ተመራማሪ ዊልያም ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1979 በዚሁ ቋንቋ ላይ አንድ ነገር አሳየ። «ሰው» ያቺን «ው» መሰል ቅጥያ ባይዝም የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት መሆን ይችላል። «መሥራት» ግን ያለሷ አይችልም። ልዩነቷ ትንሽ ናት፤ ግን አለች። የተገኘችውም ስለ ቃላቱ ትርጉም በመፈላሰፍ አይደለም፤ ቋንቋው ራሱ የሚፈቅደውንና የሚከለክለውን አንድ በአንድ በመሞከር ነው። ስለዚህ መለያው ቋንቋ ሁሉ ዘንድ ያለ ይመስለኛል፤ አንዱ ጋ እንደ ግንብ ወፍራም፣ ሌላው ጋ እንደ መጋረጃ ስስ ሆኖ።

ቃል ሁሉ ከሁለቱ ባንዱ ይገባል ማለቴ ግን አይደለም። የራሳችንን «ዝም አለ» እዩት። «ዝምኩ» አንልም፤ «ዝም አልኩ» እንጂ። ስለዚህ «ዝም» ለብቻው ግስ አይደለም። «ዝሙን» ብለን እንደ ስም አንጠራውም። «ብድግ»፣ «ቁጭ»፣ «ቀስ» ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ትርጉሙን እነሱ ይሸከማሉ፤ እንደ ባለቤቱ የሚለዋወጠው «አለ» ነው። በየቀኑ ስንት ጊዜ እንላቸዋለን! እኔ ብሆን ከስምም ከግስም ሳልደባልቅ የራሳቸውን ክፍል እሰጣቸው ነበር።